«ውርጭ አፈርን ያለሰልሳል» ስለሚባለው አባባል

በአፈር ጥናት መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ የሚገኝ አንድ አባባል አለ። ይኸውም በአፈር ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ በ9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ጓሉን ይሰብራል፤ በረዶው ሲቀልጥም አፈሩ ለስልሶና ክፍተቱ በዝቶ ስለሚቀር ብዙ ውኃ ይይዛል የሚል ነው። ብዙዎቻችን ይህንኑ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። ነገር ግን አባባሉ ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉም ያለ ምርመራ የተወረሰ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

እውነቱን አስቀድመን እንመስክር። የብርዱ ወራት በሚበረታባቸው አገሮች ገበሬው ከባዱን የሸክላ አፈር ብርዱ ሳይገባ አርሶ ይተወዋል፤ በጸደይ ሲመለስ ጓሉን ተፈርፍሮ ያገኘዋል። ይህን የምንክድ አይደለንም። የምንነቅፈው የተሰጠውን ምክንያትና የተደረሰበትን መደምደሚያ ነው።

መጀመሪያ ምክንያቱን እንይ። አሜሪካዊው የሥነ ምድር ሊቅ ስቲቨን ቴበር እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 ባወጣቸው ጽሑፎች እንዳስረዳው፣ በውኃ ፈንታ ቤንዝንና ናይትሮቤንዝን የተባሉ ፈሳሾች ገብተውበት የቀዘቀዘ አፈርም ወደ ላይ ተነሥቷል። እነዚህ ፈሳሾች ሲረጉ ይኮማተራሉ እንጂ አይሰፉም። እንግዲህ ዋናው ነገር የ9 በመቶው መስፋት ሳይሆን፣ በረዶ የሚሠራበት ስፍራ በታች ያለውን ውኃ ወደ ራሱ መሳቡ ነው። የተሳበው ውኃ ስስ የበረዶ ንጣፍ ይሆናል፤ በንጣፎቹ መካከል የቀረው ሸክላ ግን ውኃውን ተነጥቆ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ውርጭ አፈሩን የሚሰብረው በመግፋት ብቻ ሳይሆን በማድረቅም ነው።

ሁለተኛው ነገር መደምደሚያው ነው። ቼምበርሌንና ጋው እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጥናት፣ ደቃቅ አፈሮች ቀዝቅዘው ከቀለጡ በኋላ የክፍተታቸው መጠን ቀንሶ ሳለ፣ ውኃን ቁልቁል የማሳለፍ ችሎታቸው ግን ጨምሮ ተገኝቷል። ይህ እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላል። ሆኖም ውኃ ፈጥኖ የሚያልፈው በስንጥቁ ሲሆን፣ የሚቆየው በጠባቡ ቀዳዳ ነው። ስንጥቅ የበዛበት አፈር ዝናቡን ቶሎ ይቀበላል፣ ቶሎም ያሳልፈዋል። «ለሰለሰ» ከማለት ተነሥቶ «ውኃ ያዘ» ማለት ወንፊትን ከእንስራ መቁጠር ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ደንቡ ለአፈር ሁሉ አንድ ተደርጎ መቅረቡ ነው። ስዊድናዊው ቪክላንደር እ.ኤ.አ. በ1998 እንደ ገለጸው፣ ከተደጋገመ ቅዝቃዜና መቅለጥ በኋላ ጥቅጥቅ ያለው አፈር ሲላላ፣ ልል የነበረው ደግሞ ተጠቅጥቋል። እንዲሁም ውኃ ጠግቦ ሳለ የቀዘቀዘ አፈር ሲቀልጥ ጭቃ ሊሆን ይችላል። በቤተ ሙከራም አፈርን በተዘጋ ቆርቆሮ አድርገን ማቀዝቀዣ ውስጥ ብናስገባው ከታች የሚሳብ አዲስ ውኃ አያገኝም፤ ስለዚህ ውጤቱን የእርሻ መሬት ውጤት ነው ልንለው አይገባም።

ነገሩ ለእኛ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በሰሜን ተራሮችና በባሌው የሳነቴ አምባ የበጋው ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጀርመናዊው ካርል ትሮል እ.ኤ.አ. በ1944 እንዳመለከተው፣ በሐሩር ክልል ከፍተኛ ተራሮች ላይ ቅዝቃዜው ዕለት በዕለት የሚመላለስ እንጂ እንደ ሰሜኑ አገር ለወራት የሚቆይና ወደ ጥልቁ የሚዘልቅ አይደለም። ሌሊት እንደ መርፌ ቀጥ ብለው የሚበቅሉ የበረዶ ዘንጎች የላዩን አፈር ያነሣሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ስታቀልጣቸው አፈሩ ልል ሆኖ ይቀራል፤ ተዳፋት ከሆነም ለነፋስና ለጎርፍ ይጋለጣል። በእንዲህ ያለ ስፍራ «ውርጭ አፈር ያሻሽላል» ብሎ የደጋ ገበሬን የሚመክር ሰው፣ ለሌላ አገር የተጻፈውን ምክር በማይሆን ቦታ ያውለዋል።

እንግዲህ አባባሉን ከመድገማችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ምን ያህል ውኃ ነበረው? ከታች የሚስበው ውኃ ነበረን? አስቀድሞስ ልል ነበር ወይስ ጥቅጥቅ? ለእነዚህ መልስ የሌለው የምርምር ወረቀት ቢቀርብልን ገና እንዳላለቀ ልንቆጥረው ይገባል።