ተጠራጣሪው ማንን ይጠራጠራል?
«አደፍርስ»ን፣ የዐድዋን እንዶድና የራሳችንን ንቃተ ኅሊና የሚመለከት ሂስ

በዘመናዊው ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ተጠራጣሪው ወጣት ደጋግሞ የተሣለ ገጸ ባሕርይ ነው። ትምህርት ቀምሶ ይመጣል፤ ጠበሉን፣ ክታቡን፣ ዛሩን፣ ደብተራውን ይጠይቃል፤ ሽማግሌዎች ይቆጡታል። አንባቢውም፣ በተለይ እንደ እኛ ተማሪ የሆነው አንባቢ፣ ሳያመነታ ከወጣቱ ጎን ይሰለፋል። ይህ ሂስ የሚነሣው ከዚሁ ሳናመነታ ከምናደርገው መሰለፍ ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ይኸውም ተጠራጣሪው የሚጠራጠረው ማንን ነው? ራሱንስ ይጨምራል ወይ? የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ከተባሉት በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ አይደለም። ከአትላንታ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በፒችትሪ ኮርነርስ ያለን ጥቂት የማኅበሩ አባላት በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን እናነባለን። ከተማይቱ በቴክኖሎጂ የምትኮራ ናት፤ ኩሪዮሲቲ ላብ በተባለው ሥፍራ ከ2019 ጀምሮ ሹፌር አልባ ተሽከርካሪዎች በሕዝብ መንገድ ላይ ሲፈተኑ አይተናል። ባለፈው የብርድ ወራት ያነበብነው የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ነበር። የተሰበሰብነው በአንድ ጓዳችን ቤት ሲሆን፣ ቡና ያፈሉልን ከሀገር ቤት የመጡት እናቱ ነበሩ። ክርክሩ ከመጽሐፉ ወጥቶ ማሽን አንድ ቀን ኅሊና ሊኖረው ይችላል ወይስ አይችልም ወደሚለው ዞሮ ነበርና ጦፏል። በመደርደሪያው ላይ፣ ከእናታችን የደም ግፊት ክኒን አጠገብ፣ አንድ የጠበል ጠርሙስ ተቀምጦ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «እማማ፣ ለመሆኑ የሚያድንዎት ውኃው ነው ወይስ ክኒኑ?» ብሎ ቀለደ። ማን እንደ ቀለደ መናገር አያስፈልግም፤ ሁላችንም ስቀናልና። እናታችን ፈገግ ብለው ሲኒውን አቀረቡልን እንጂ አልመለሱልንም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እኩለ ሌሊት ላይ ሆስፒታል ገቡ። ሱባዔ ይዘው በጠበሉ ብቻ ሲቆዩ ክኒኑን ትተውት ኖሯል። ምስጋና ይግባውና ተርፈዋል። ልጃቸው ለምን እንዳልነገሩት ሲጠይቃቸው ግን የመለሱለት «ብነግራችሁ ትስቁ ነበር» ብለው ነው።

በዚያ ምሽት በክፍሉ ውስጥ ሁለት የሕይወት ሳይንስ ተማሪዎች ነበሩ። ስለ ክኒኑ አሠራር ሊያስረዱ፣ ጠበሉ ክኒኑን እንደማያስቀር ሊነግሩ የሚችሉ ነበሩ። ዕውቀቱ ከእርሳቸው የሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ ሳለ እንዳይደርሳቸው ያገደው አጉል እምነት አልነበረም፤ የእኛ ሳቅ ነበር። ማሽን ኅሊና ይኖረው እንደሆነ ለመመርመር ሦስት ሰዓት የተከራከርን ሰዎች፣ ቡና በሚያቀርቡልን እናት ኅሊና ውስጥ ምን እንዳለ ለመጠየቅ ሦስት ደቂቃ አላጠፋንም። ስለዚህ መጽሐፉን እንደገና አነበብነው።

«አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. የታተመ ልብ ወለድ ነው። ከድርጊት ይልቅ ክርክር ይበዛበታል፤ ሰዎቹ የሚገናኙት ለመነጋገር፣ የሚነጋገሩትም ለመሟገት ነው። የዋናው ባለታሪክ ስም ራሱ ትእዛዝ ነው፤ የረጋውን አናውጥ፣ አደፍርስ ማለት ነው። ካልደፈረሰ አይጠራም የሚለው አባባል በልቡናችን ስላለ፣ ብዙዎቻችን መጽሐፉን ያነበብነው የጥራቱን ተስፋ ይዘን ነው። ዛሬ አደፍርስ ይናወጥ፤ ነገ ውኃው ይጠራል ብለን ነው።

በሁለተኛው ንባባችን ግን ያላየነውን አየን። አባባሉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። መጀመሪያ መደፍረስ አለ፤ ቀጥሎ መርጋት አለ። ውኃ የሚጠራው ከተናወጠ በኋላ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ነው። ወጣቱ ጥያቄ ያዘንባል፤ መልስ ለመስማት ግን ብዙ ጊዜ አይቀመጥም። ባላገሩ ለምን እንደሚያምን፣ እምነቱ ከየትኛው ችግር እንደ ተወለደ፣ ሐኪም በሌለበት አገር ጠበል የሕክምና ብቻ ሳይሆን የመሰባሰቢያና የመጽናኛ ሥፍራ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይፈልጋል። በእኛ ንባብ የደራሲው ብልኀት እዚህ ላይ ነው። ዳኛቸው ወጣቱን ጀግና አድርጎ አልሾመውም፤ የሌሎቹን ድምፅ ከእርሱ ድምፅ ጋር እኩል አድርጎ አስቀመጠ እንጂ። ጀግንነቱን የጨመርንበት እኛ አንባቢዎቹ ነን።

ይኸው ደራሲ በ1973 በእንግሊዝኛ ባሳተመው «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ደግሞ ደዌ የጸናባቸውን ፊታውራሪ ወልዱን ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ አቦ ያወጣቸዋል። ልጃቸው ጐይቶም አብሮ ይወጣል፤ ያያል፣ ይታዘባል፣ ይንቃል። በሽተኛው ይሞታሉ። የተራራው ጠበል አላዳናቸውም፤ ነገር ግን የልጃቸው ትዝብትም አላዳናቸውም። ይህን ሁለተኛውን እውነት ሃያሲዎቻችን ብዙ አላጎሉትም። ከሕዝቡ እምነት መለየት ለሕዝቡ መድኃኒት እንደ ማምጣት ከተቆጠረ ጐይቶም ሐኪም በሆነ ነበር።

እንግዲህ ጥርጣሬና ንቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከልብ ወለድ ወጥተን በታሪክ እንመልከት። ለዚህ ከዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም። በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት የቢልሐርዚያን በሽታ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄደ። በሽታውን የሚያስተላልፉት በወራጅ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኛቸው። እንዶድ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ እንደ ሳሙና የሚገለገሉበት ፍሬ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሠለጠነ ሰው ያንን ሥፍራ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ አይቶ ሊያልፍ ይችል ነበር። አክሊሉ ግን ቆመ፤ ጠየቀ፤ ወደ ቤተ ሙከራም ወሰደው። አረፋውን የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ተረጋገጠ። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ በሽታው በትናንሽ ልጆች ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። የግብርናው ባለሙያ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች ኃይለኛውን መርጦ አወጣ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ ለእኛ ክርክር ዋናው ነው። ዓለም አቀፉ የጤና ተቋምና ገንዘብ ሰጪዎች ጥርጣሬ አነሡ። የእንዶድ መርዛማነት በታወቀ ደንብ ይፈተን አሉ። ጥያቄው በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ወደ ሕዝብ ውኃ የሚጨመር ነገር ሊፈተን ይገባዋል፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። ስሕተቱ ሌላ ነበር። ፈትኑ ተባለ፤ ለፈተናው የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን ለዓመታት ተነፈገ፤ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘውም ውጤት የአፍሪካ ስለሆነ ብቻ ጎደሎ ተደርጎ ታየ። አክሊሉና ለገሠ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ሃያ አምስት ዓመት አልፎ ነበር። በካናዳ የተደረገው የመርዛማነት ጥናት የተጠናቀቀው በ1990ዎቹ መባቻ ነው። ፍሬው ዓይን እንደሚያቆጣ ቢያሳይም ሥራውን የሚያስቀር ነገር አላገኘም። በዚያን ጊዜ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ዋናው መድኃኒት ሆኖ ነበር። እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ ለሚደፍኑ ዛጎል ለበስ እንስሳትም መከላከያ እንደሚሆን ሲታወቅ ግን ፓተንቱ በ1993 ለኦሃዮው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የዐድዋ አጣቢዎች ስም ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም።

ከዚህ የምንወስደው ፍርድ ይህ ነው። መፈተንን የሚጠይቅ ጥርጣሬ ሳይንስ ነው፤ መፈተንን የሚያስቀር ጥርጣሬ ግን የሳይንስን ካባ የለበሰ ንቀት ነው። ባለ ገንዘቦቹ በአክሊሉ ላይ ያደረጉትን እኛ በእናታችን ላይ አደረግነው። የእነርሱ ሥልጣን ከእኛ መብለጡ ነው እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «እንግዲያውስ የባላገሩ ነገር ሁሉ ትክክል ነው ልትሉን ነው ወይ?» የሚል ነው። አይደለም። እንዶድ የተከበረው የአባቶች ስለሆነ ሳይሆን ተፈትኖ ስላለፈ ነው። ኮሶ ትሉን ያስወጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ሰውንም ይጎዳል፤ ሁለቱንም በአንድነት መናገር ያስፈልጋል። ኤድስ ሕዝባችንን በፈጀበት ዘመን ወደ እንጦጦ ጠበል ከወጡት ሕሙማን መካከል መድኃኒት የተዉ ነበሩ፤ ይህን በባህል ስም ማሞካሸት ወንጀል በሆነ ነበር። የሚደንቀው መፍትሔው ከየት እንደ መጣ ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2007፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አጣምረው እንዲወስዱ በይፋ መከሩ። ፌዘኛው አንድም ሰው ወደ ክኒኑ አልመለሰም፤ ሕሙማኑ የሚያምኑት አፍ ግን ያንን ማድረግ የሚችልበት ሥፍራ ላይ ነበር።

በምንኖርበት ምድርም ጥርጣሬ ታሪክ አለው። የበሽታ መቆጣጠሪያው ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አትላንታ ነው። በጎረቤት ግዛት በአላባማ፣ ቱስኪጊ ላይ፣ ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት ሐኪሞች 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን አጠኑ። ከእነዚህ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው፤ ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ ተከለከሉ። ማዕከሉ በ1969 ጥናቱ ይቀጥል ብሎ ወስኗል። በኮቪድ ዘመን ጥቁር ጎረቤቶቻችን ክትባቱን ሲያመነቱ «ያልተማሩ» ያልናቸው ሰዎች ትዝታ ነበራቸው። ክትባቱ ሕይወት አድኗል፤ ማመንታቱ ሕይወት አስከፍሏል፤ ነገር ግን ያ ማመንታት ከድንቁርና ሳይሆን ከልምድ የተወለደ ነበር። በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም እንደሚባለው ሁሉ፣ የጥርጣሬውን ምንጭ ሳያውቁም ማስተማር አይቻልም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቃል እንመለስ። የተማሪው ንቅናቄ ከተወልን ቃላት ዋነኛው «ንቃተ ኅሊና» ነው። አንቃ፣ አደራጅ፣ አስታጥቅ ይባል ነበር። በ1967 ዓ.ም. ወደ ስድሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ፊደል አስቆጥረዋል፤ ብዙ መልካም ሥራም ሠርተዋል፤ ያንን አንክድም። ነገር ግን «ማንቃት» የሚለው ግሥ አንድ ነገር አስቀድሞ ይፈርዳል። አንዱ ነቅቷል፤ ሌላው ተኝቷል። የተኛ ሰው አይጠየቅም፤ ይቀሰቀሳል። ይህ ግሥ አደፍርስን ከጐይቶም፣ ጐይቶምንም ከእኛ ጋር ያዛምዳል። የዐድዋዋ አጣቢ ግን አልተኛችም ነበር። እንዶዱን ከሳሙና መርጣ፣ ፍሬውን አድርቃ፣ ወቅጣ፣ አረፋውን ታውቅ ነበር። ያላወቀችው ቀንድ አውጣው ለምን እንደሞተ ነው፤ ያንን ደግሞ አክሊሉም ከእርሷ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ አያውቅም ነበር። ንቃት በሁለቱ መካከል ተፈጠረ እንጂ ከአንዱ ወደ ሌላው አልተሰጠም።

ይህ ሂስ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ግለ ሂስ ነው። አደፍርስን የምንወቅሰው ስለ ጠየቀ አይደለም፤ ጥያቄው ከእርሱ ላይ ስላልደረሰ ነው። መጠራጠራችንን አንተውም፤ የተውን ዕለት ትምህርታችን ከንቱ ይሆናል። ነገር ግን ከእንግዲህ «ምን ታምናለህ?» ከማለታችን በፊት «ምን አይተህ አመንክ?» ለማለት ተስማምተናል።

እናታችን አሁን ክኒናቸውን በየማለዳው ይወስዳሉ፤ የጠበሉ ጠርሙስም ከአጠገቡ አልተነሣም። ሱባዔ ሊይዙ ሲሉ ለልጃቸው ይነግሩታል፤ እርሱም ክኒኑን በጠበሉ ቢውጡት ምንም ክፉ እንደሌለው ነግሯቸዋል። በሚቀጥለው ስብሰባችን «አደፍርስ»ን ለሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብለን ስናነብ እርሳቸውም ተቀምጠው እንዲያዳምጡና እንዲተቹ ጠይቀናቸዋል። በሌሎች ከተሞች ያላችሁ አንባቢያን መጽሐፉን በሌላ መንገድ ያነበባችሁት እንደሆነ መልሳችሁን ላኩልን፤ በሚቀጥለው ቅጽ ከእናታችን አስተያየት ጎን እናወጣዋለን።