«ስልኬ ላይ አለ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በቅርቡ አንድ ጓደኛዬን ቤተ መጻሕፍት እንሂድ ብለው «ምን ልናደርግ? ሁሉም ስልኬ ላይ አለ» አለኝ። ቴሌግራሙን ከፍቶም አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአማርኛ መጻሕፍት በፒዲኤፍ ተደርድረዋል። ልብ ወለድ አለ፣ ታሪክ አለ፣ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ አለ። መታወቂያ አይጠይቅም፣ የታክሲ ሰልፍ የለውም፣ በ11 ሰዓት አይዘጋም።

እኔም ብሆን ከዚሁ ነው የማነበው፤ ጨዋ ልመስላችሁ አልፈልግም። ግን የተማርኩት ምህንድስና ነው። በእኛ ሙያ አንድ ነገር ይሠራል ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «መቼ ነው የማይሠራው?» የሚል ነው። የቴሌግራሙ ቤተ መጻሕፍት የማይሠራበት ቀን እኔው ላይ ደረሰ።

ስለ ብረት መድከም ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነበር። በአንድ ጊዜ የማይሰብረው ጫና እንኳ ደጋግሞ ካረፈበት ብረት ይሰነጠቃል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ ስትበጥሱ የምታዩት የዚሁ ዘመድ ነው። ለዚህ የተለመደ የአማርኛ ቃል ካለ ብዬ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ፈለግኩ፤ ቴሌግራም ላይ አገኘሁት። አንድ ሰው በስልኩ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ የሠራው ነው፤ ልፋቱን አመሰግናለሁ። ግን እኔ የምፈልገው ቦታ ስደርስ ሁለት ገጽ ተዘሏል። የሚቀጥለው ገጽ ላይ ደግሞ የአንሺው አውራ ጣት ግማሹን ዓምድ ሸፍኖታል። ቃሉን ጽፌ ልፈልግ ብልም አይሆንም፤ ፋይሉ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ለኮምፒውተሩ ያ ሁሉ ቃል ነጭና ጥቁር ነጥብ ነው።

በማግስቱ ወደ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ገና በጠዋቱ ወንበር ጠፍቷል። ስለዚህ «ዘንድሮ ማን ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል» የሚለውን ወሬ እርሱት። ጠረጴዛዎቹን ዞር ዞር ብዬ ሳይ ግን ከመደርደሪያ የወጣ መጽሐፍ የያዙ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሌላው የራሱን ሃንድአውትና ላፕቶፕ ይዞ ለፈተና ያጠናል። የመጻሕፍት ክፍሏን እናት ጠየቅኳቸው። «አይ ልጄ፣ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ከመጣ ስንት ጊዜው!» እያሉ ገቡና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይዘውት ወጡ። ያልጠየቅኩትን ሌላ መጽሐፍም ጨመሩልኝ፤ «ይህንንም እየው፣ የቴክኒክ ቃላት አለበት።»

የጎደለውን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ስልኬ ላይ ያለው የመጻሕፍት ክምር ነው። ክምርን ቤተ መጻሕፍት የሚያደርገው ሥራ ግን ከመጽሐፉም ከአዳራሹም የተለየ ነው። መምረጥ አለ፣ መመዝገብ አለ፣ የጎደለ ገጽ መፈተሽ አለ፣ ለሃምሳ ዓመት ማቆየት አለ።

ምዝገባውን ብቻ እንውሰድ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱትን ሰው ስም በመፈለጊያ ሳጥን ጻፉ። ሐዲስ ዓለማየሁ? ሀዲስ አለማየሁ? ሃዲስ ዓለማየሁ? ለእኛ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ካልተነገረው በስተቀር ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጥሩ የካታሎግ ባለሙያ አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሌሎቹን ከእሱ ጋር ያያይዛል። ቴሌግራም ላይ ይህን የሚሠራ የለም፤ ፋይሉን የጫነው ሰው እንደመሰለው ይጽፈዋል፣ እናንተም እንደመሰላችሁ ትፈልጋላችሁ፣ ሳትገናኙ ትቀራላችሁ።

ካታሎግ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከለንደን የመጣ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በራንሰምዌር ተጠቃ። መጻሕፍቱን የነካቸው የለም፤ ሁሉም በየመደርደሪያቸው ናቸው። ካታሎጉ ግን ወደቀ። የተወሰነው ክፍል በጥር 2024 እስኪመለስ ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሥራዎች እያሉ እንደሌሉ ሆኑ። ወረቀት ዲጂታልን አሸነፈ እንዳትሉኝ። ካታሎጉ ዲጂታል ነው፤ የጎዳቸው የእሱ መጥፋት ነው።

ማቆየቱ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ለእኛ ፊደል ይብሳል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት (ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት) አማርኛ የምንጽፍባቸው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች የላቲን ፊደላትን ኮድ ተውሰው የግዕዝ ቅርጽ ያለብሱት ነበር። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ስትከፍቱ የሚመጣው ትርጉም አልባ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ዶክመንቱ አለ፤ አንድ ባይት አልጠፋም። የሚነበብ ግን አይደለም። ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ሲቋቋም የነበረ ጋዜጣን ዛሬ ገልጦ ማንበብ ይቻላል፤ በ1990ዎቹ የተተየበ ፋይል ግን ፎንት ፍለጋ ያስወጣችኋል።

«እሺ፣ በሕጋዊ መንገድ ኢ-ቡክ እንግዛ» ብትሉስ? ቤተ መጻሕፍት የወረቀት መጽሐፍ ሲገዛ መጽሐፉ የራሱ ነው፤ እስኪበጣጠስ ያውሰዋል። ኢ-ቡክ ሲገዛ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ፈቃድ ነው። ሃርፐርኮሊንስ የተባለው ትልቅ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ኢ-ቡክ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ፈቃዱን እንደገና እንዲገዛ የሚል ደንብ አወጣ። እንደ እኔ ይህ ፋይል በግድ እንዲያረጅ ማድረግ ነው። ለግለሰብም ቢሆን ያው ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2009 የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከርቀት ሰርዞት ነበር፤ ሻጩ መብት አልነበረውም በሚል። ገንዘባቸውን መልሷል፣ ግን በወረቀት የገዛችሁትን ማን ቤታችሁ ገብቶ ይወስዳል? ቴሌግራም ላይ ደግሞ ደራሲው አምስት ሳንቲም አያገኝም፣ ቻናሉም አንድ ቀን ድንገት ይጠፋል።

ቤተ መጻሕፍቶቻችንንም ዝም ብዬ አላልፍም። በብሪታንያ ችግሩ መዘጋት ነው፤ ቢቢሲ በ2016 እንደዘገበው በስድስት ዓመት ብቻ 343 ቤተ መጻሕፍት ተዘግተዋል። የእኛ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ አንባቢ ይይዛል፤ ጸጥታ ያለው ጠረጴዛና ኢንተርኔት ቤቱ ለሌለው ተማሪ ትልቅ ነገር ነው፣ አላጣጥለውም። ነገር ግን ወንበር ብቻ እየቆጠርን ከሄድን ቤተ መጻሕፍት ማለት መብራት ያለው የጥናት አዳራሽ ይሆናል፤ አዳራሹ እየሞላ ሙያው ይራቆታል። ንጹሕ ስካን ከተሰጠው ቴሰራክት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የአማርኛ ኅትመትን ወደሚፈለግ ጽሑፍ ይቀይራል። ስሕተቱን የሚያርም ሰው ግን ያስፈልጋል፤ ከደራሲዎች ጋር የሚዋዋልም እንዲሁ። ይህን ሥራ ፎቶ ለሚያነሣ አንድ በጎ ፈቃደኛ ጥለንለታል።

የራሴን ልጨምር። የማስተርስ ጥናቴን ሳስረክብ የታተመ ቅጂና አንድ ሲዲ ነበር የተጠየቅኩት። በቀደም አንድ ግራፍ ፈልጌ ሄድኩ። ሲዲው አለ፤ የሚያነበው ኮምፒውተር ተበላሽቷል፣ የእኔ ላፕቶፕም ማስገቢያ የለውም። ዋናው ፋይል የነበረበት ፍላሽ ከሞተ ቆይቷል። የታተመውን ከነአቧራው አምጥተው ሰጡኝ። 48ኛውን ገጽ ገልጬ ግራፌን በስልኬ ፎቶ አነሣሁ፤ ቤት ደርሼ ሳየው አውራ ጣቴ ጥጉ ላይ ገብታለች።