አዲስ ብሉዝ ከወዴት ይመጣል? የአሊጌተር ሙዚቃ ቤት የቅርብ ዓመታት አልበሞች ሲፈተሹ

ብሉዝ ለአዲስነት ብዙ ቦታ የሚሰጥ የሙዚቃ ዘርፍ አይደለም። ሦስት ኮርድ፣ 12 ባር፣ አንዱ ስንኝ ተደግሞ ሦስተኛው መልስ የሚሆንበት ግጥም፤ ከመቶ ዓመት በፊት በሸክላ የታተሙትም ዛሬ የሚወጡትም ዘፈኖች በአብዛኛው ከዚህ አጥር አይወጡም። ታዲያ አንድ ሙዚቃ ቤት «አዲስ የብሉዝ አልበም» ሲል አዲስነቱ የቱ ጋ ነው? በድምፁ፣ በግጥሙ ወይስ በዘፋኙ ዕድሜ ብቻ? ይህን ጥያቄ የቺካጎው አሊጌተር ሬከርድስ ከ2019 ወዲህ ባሳተማቸው ጥቂት አልበሞች ላይ አነሳለሁ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ይህ ሙዚቃ ቤት ቃሉን አድሷል፣ ድምፁን ግን ከልክ በላይ አጥርቶታል።

አሊጌተር በ1971 የተወለደው ለአንድ ባንድ ሲባል ነው። ብሩስ ኢግላወር በዴልማርክ ሬከርድስ ሸክላ እያሸገ የሚልክ ወጣት ሠራተኛ ነበር። እሑድ እሑድ በደቡባዊ ቺካጎ፣ ፍሎረንስ ላውንጅ በተባለ መጠጥ ቤት የሚጫወተውን ሃውንድ ዶግ ቴይለርን አሠሪው ቦብ ኬስተር እንዲያስቀርጸው ወተወተው፤ ኬስተር እሺ አላለም። ኢግላወር በውርስ ያገኘውን 2,500 ዶላር አውጥቶ ራሱ አስቀረጸው፤ 1,000 ቅጂም አሳተመ። የቴይለር ባንድ ሁለት ጊታርና ድራም ብቻ ነበር፣ ቤዝ የሚባል አልነበረውም። በሁለት ሌሊት ተቀርጾ ያለቀው ይህ አልበም ሻካራ ነው፤ ማጉያው ያጓራል፣ ጊታሮቹ ይሻማሉ። ደስ የሚለውም ይኸው ነው፤ ኢግላወር የመጠጥ ቤቱን ጫጫታ ሳያበጥር ስቱዲዮ አስገባው። ከዚያ በኋላ እነ ኮኮ ቴይለርና አልበርት ኮሊንስ መጡ፣ ግራሚዎችም ተከተሉ፣ የአልበሙም ብዛት ከ300 አለፈ።

ወደ ቅርቦቹ አልበሞች ስንመጣ፣ ጊታር ተጫዋቹ ክሪስቶን «ኪንግፊሽ» ኢንግራም በሚሲሲፒዋ ክላርክስዴል በ1999 ተወለደ። በቅጽል ስሙ የተሰየመው የመጀመሪያ አልበሙ በ2019 ሲወጣ 20 ዓመቱ ነበር፤ በ1936 የተወለደው አንጋፋው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ባዲ ጋይም በአንድ ዘፈን አጅቦታል። በሰሜን ሚሲሲፒ የስልክ መለያ ቁጥር የተሰየመው «662» በ2021 ወጥቶ በተከታዩ ዓመት ግራሚ አገኘ። የልጁ ጊታር አያከራክርም። የሚያከራክረው የሁለቱም አልበሞች ፕሮዲውሰር ቶም ሃምብሪጅ ለዓመታት የባዲ ጋይም ፕሮዲውሰር መሆኑ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ በተመደበለት ቦታ ይቆማል፤ ሶሎው የሚገባበትንና የሚወጣበትን አድማጭ አስቀድሞ ያውቀዋል። ለወጣቱ የተሰፋው ልብስ በአዛውንቱ ልክ የተቆረጠ ይመስላል። ልጁ ከዚህ የሚያመልጠው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በ2019 ላረፈች እናቱ መታሰቢያ ያደረገው «ሮክ ኤንድ ሮል» የተሰኘው ዘፈን ነው፤ ከተለመደው የፍቅር እሮሮ ወጥቶ የራሱን ዕዳ ይናገርበታል። ሁለተኛው በ2023 በለንደኑ ዘ ጋራዥ መድረክ የተቀረጸው «ላይቭ ኢን ለንደን» ነው፤ እዚያ ስቱዲዮ የገደባቸው ሶሎዎች እንደ ልባቸው ይረዝማሉ፣ የሕዝቡም ድምፅ የቅንብሩ አካል ይሆናል።

ዘፋኟ ሼሜኪያ ኮፕላንድም ለዚህ ቤት ባዳ አይደለችም። አባቷ ጆኒ ኮፕላንድ ከአልበርት ኮሊንስና ከሮበርት ክሬይ ጋር የሠራው የ1985ቱ «ሾውዳውን» የአሊጌተር ነው፤ እሷም በ1998 በ19 ዓመቷ የጀመረችው እዚሁ ነው። «አንሲቪል ዋር» በተባለው የ2020 አልበሟ ያለው «ክሎቲልዳስ ኦን ፋየር»፣ ጄሰን ኢስበል በጊታር ያጀበው፣ በእኔ ግምት ከዘመኑ የብሉዝ ዘፈኖች እጅግ ደፋሩ ነው። ክሎቲልዳ የባሪያ ንግድ በሕግ ከታገደ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1860፣ ከ100 በላይ አፍሪካውያንን አላባማ አውርዳ ማስረጃ እንዳይገኝ የተቃጠለች መርከብ ናት፤ የስብርባሪዋ ማንነት የተረጋገጠው በ2019 ነው። ብሉዝ ለታሪክ እንግዳ አይደለም፤ ለ1927ቱ የሚሲሲፒ ጎርፍ ብዙ ተዘፍኗል። ያን የዘፈኑት ግን የጎርፉ ዘመነኞች ነበሩ። ኮፕላንድ 160 ዓመት ወደ ኋላ ሄዳ በብሉዝ ውስጥ «እኔ» የሚለውን አንደበት ለሙታን ታውሰዋለች።

ከብዙዎቹ ግጥሞቿ ጀርባ ያሉት ግን ሥራ አስኪያጇ ጆን ሃንና ፕሮዲውሰሯ ዊል ኪምብሮ ናቸው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ የኮኮ ቴይለርን «ዋንግ ዳንግ ዱድል» የደረሰውም ዊሊ ዲክሰን ነው። ችግሩ የጦር መሣሪያ፣ ዘረኝነት፣ ፖለቲካ ተራ በተራ ሲቀርቡ አልበሙ አልፎ አልፎ የአጀንዳ ዝርዝር መምሰሉ ነው። በ2022ቱ «ደን ካም ቱ ፋር» ውስጥ ያለው «ዘ ቶክ» ከዚህ ይለያል። ጥቁር እናት ልጇን ፖሊስ ቢያስቆመው ምን ማድረግ እንዳለበት ትመክረዋለች፤ ዘፋኟም የወንድ ልጅ እናት ናት። ግጥሙን ማን ጻፈው ብሎ መጠየቅ የከበደኝ እዚህ ዘፈን ላይ ብቻ ነው።