ታከተኝ

የእህቴን ልጅ ሐይቁ ዳር አገኘሁት። ጭኑ ላይ የታሪክ መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ ዓይኑ ግን ውኃው ላይ ነው። ሕግ ካልተማርኩ ብሎ ሙጭጭ ያለ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ታከተኝ» አለኝ። እኔም እንደ ወሎ ሰው አፌ ላይ የመጣልኝን ወረወርኩለት፦ «አብሽር!»

እስቲ እንተዛዘብ። ይህ ልጅ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ደብተሩን ጥሎ የሸሸ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አንዴ ወድቆ፣ አሁን በግል ሊፈተን ሌሊቱን በጫት፣ ቀኑን በቡና ይገፋል። በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 5.4። መቶ ልጅ ተፈትኖ ዘጠና አምስቱ ሲወድቅ እኛ የምናውቀው አንድ ምርመራ ነው፦ ስንፍና! ቢያልፍስ? ሕግ ክፍል ለመግባት በአንደኛ ዓመት ውጤት መወዳደር አለ። ከዚያ የዓመታት ትምህርት፣ በመጨረሻም የመውጫ ፈተና።

«ደከመኝ» ያለ ሰው አረፍ ይላል፤ «ታከተኝ» ያለውን ግን እንቆጣዋለን። የአምባሰል ገበሬ እንኳ በበዓል ቀን በሬውን አይጠምድም። ልጁን ግን እሑድም ጠምደነዋል። እኔ ራሴ በየስልኩ «ስንት ምዕራፍ ጨረስክ?» ስል የከረምኩ ነኝ፤ እንዴት አደርክ ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

መጽሐፉን ከጭኑ አንስቼ ብብቴ ሥር ከተትኩት። እናቱ ብታይ ምን እንደምትለኝ እንጃ። ዓሣ ልንበላ ሄድን።