ከመቆፈሩ በፊት

የተራቆተ መሬት ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ተደርጎ ይልማ ሲባል ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ “ስንት ሺህ ችግኝ ይቅረብ?” የሚል ነው። እኔ ግን አስቀድሜ ማወቅ የምፈልገው አፈሩ ውስጥ ምን ዘር እንደተረፈ፣ ያልተረፈውን ደግሞ ማን ሊያመጣው እንደሚችል ነው። በደረቅ አገር አንዳንዱ ተክል ዘሩን አፈር ውስጥ አስተኝቶ ዝናብ ያስጠብቀዋል፤ ሌላው በነፋስ፣ በጎርፍ፣ በወፍ ወይም በከብት ሆድ ይልከዋል። ይህን ሳይለዩ ጉድጓድ መቆፈር የሰው ጉልበት ማባከን ነው፤ በየክረምቱ ተተክሎ በየበጋው ሲደርቅ ያየነው ችግኝ ይመሰክራል።

አፈሩን ለመጠየቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት 15 ሴንቲ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ መሬት ላይ አኖራለሁ። የረገፈውን ቅጠል ለብቻ፣ ከሥሩ ያለውን አፈር ደግሞ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለየብቻ አነሣለሁ። ችግኝ ጣቢያ ስደርስ አፈሩን አሸዋ በተነጠፈበት ትሪ ላይ በስሱ እበትነዋለሁ፤ በየቀኑም ውኃ አጠጣዋለሁ። የበቀለው ተለይቶ ይቆጠርና ይነቀላል። መብቀሉን ሲያቆም አፈሩ ተገለባብጦ እንደገና ውኃ ይጠጣል።

ከትሪው ቀድሞ ብቅ የሚለው ሣር ነው፤ ከዚያ ጨጎጊትና መሰል አረም ይከተላል። ዛፍ ብርቅ ነው። ደምል ተከታይና አንደርሽ ግራንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ ያሳያል፦ አፈሩ በሕያው ዘር የተሞላ ነው፤ አብዛኛው ግን የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው። የብዙዎቹ የደን ዛፎች ተስፋ ከእናታቸው ሥር በበቀሉ ቡቃያዎችና በየዓመቱ በሚወድቅ አዲስ ዘር ላይ ነው። እናት ዛፍ ከተቆረጠችና ቡቃያው ከተጋጠ አፈሩን ማጠር ብቻውን ወይራን አይመልስም።

ትሪው ግን የሚደብቀው ነገር አለ። የግራር ዘር ቅርፊት ውኃ ስለማያስገባ ቢያጠጡትም ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ቡቃያ ቆጥሬ ስጨርስ አፈሩን በወንፊት እነፋዋለሁ። ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ ዘር ካገኘሁ ቀዳዳ እንዳለውና እንደሌለው አያለሁ፤ ቀዳዳ ካለው ነቀዝ በልቶት ወጥቷል ማለት ነው። ደህናውን ከዓይኑ በተቃራኒ ባለው ጫፍ በጥፍር መቁረጫ ጥቂት ቆረጥ አድርጌ ውኃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት አብጦና ለስልሶ ሳገኘው ለዓመታት የዘጋው ቅርፊቱ ብቻ እንደነበር ይገባኛል። ለብዙ ዘር ሲሆን ውኃ አፍልቼ ከእሳት ካወረድኩ በኋላ አፈስበትና እስኪነጋ እተወዋለሁ።

ይህን ሥራ በሜዳ የምትሠራልን ፍየል ናት፤ ስሟ ሁልጊዜ በጥፋት የሚነሣው ፍየል። የስምጥ ሸለቆው ጃንጥላ መሰል ግራር የተጠማዘዘ ፍሬውን የሚያረግፈው ሣር በጠፋበት በበጋ ነው። ፍየል፣ ግመልና ሚዳቋ ይለቅሙታል። ከዘሩ ከፊሉ ይታኘካል፤ ከፊሉ ሲያመሰኩ ይተፋል፤ የቀረው ከእናቲቱ ዛፍ ርቆ በበጠጥ ይወጣል። የደረቀ በጠጥ በጣት ስፈረክስ ዘሩ ሳይነካ ይወጣልኛል። ፍሬው ቶሎ ከተበላ ገና ትንሽ የሆነው የነቀዝ ትል ሆድ ውስጥ ይሞታል። ቅርፊታቸው የሳሳላቸው ዘሮች በቅርቡ ዝናብ ይበቅላሉ፤ ጠንካሮቹ ለሚቀጥሉት ዓመታት ይቆያሉ። አንድ ካፊያ ጥሎ ወር በሚጠፋበት አገር ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢበቅል ዘር ማትረፍ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ግራር እንዲመለስ በሚፈለግበት ቦታ ፍሬ የበላ መንጋ በበጋ መጨረሻ ለጥቂት ሌሊት በተከለለው መሬት ውስጥ እንዲያድር፣ ዝናቡ ሲጀምር ግን ጨርሶ እንዲወጣ እሟገታለሁ። ቡቃያውን የምትበላውም ያቺው ፍየል ናትና ቀኑ መጠበቅ አለበት።

የእጣን ዛፍ ጉዳይ ሌላ ነው። ዘሩ በነፋስ ይሄዳል፤ አፈር ውስጥ ተኝቶ ዓመታት አይጠብቅም። እጣን ለማውጣት አብዝቶ የቆሰለ ዛፍ ደግሞ የሚሰጠው ደህና ዘር ያንሳል። ለእሱ መፍትሔው ዛፉን ከማቁሰል ማሳረፍ፣ እሳት መከላከልና ቡቃያውን ከከብት መጠበቅ ነው።

መንጋ ይደር የሚለውን ምክሬን ግን አፋር ላይ እንዳለ አልደግመውም። በመካከለኛው አዋሽ ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ ዛፍ የግጦሽ መሬቱን የወረረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጣፋጭ ፍሬውን ከብቱ፣ ግመሉና ከርከሮው በልተው ዘሩን በየደረሱበት ጣሉት፤ የቀረውን ጎርፍ ወሰደው። ከዚያ የሚመጣ መንጋ ሆዱ ዘሩን አውጥቶ እስኪጨርስ ከሳምንት በላይ በአንድ ቦታ ታጥሮ ሌላ መኖ እየበላ መቆየት አለበት። በጠጡም ተጠርጎ ይቃጠል።