ኦርጋንና የምእመናን ድምፅ በሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን

ኦርጋን በአምልኮ ጊዜ ሊሰማ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት፥ ማለት ከዝዊንግሊና ከካልቪን ትምህርት በወጡት ዘንድ፥ አምስት መቶ ዓመት ያህል የቆየ ነው። ዛሬም አላበቃም፤ የተለወጡት ተከራካሪዎቹ ናቸው። ቀድሞ ኦርጋንን የሚሹና ያለ መሣሪያ መዘመርን የሚሹ ይከራከሩ ነበር። አሁን ግን በብዙ ስፍራ ክርክሩ ኦርጋንን ለማቆየት በሚሹና በምትኩ ጊታርና ድራም ያለበትን ባንድ በሚያመጡ መካከል ሆኗል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ሁለቱም ወገኖች ክርክሩ የተነሣበትን ዋና መለኪያ እንደ ዘነጉት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ቃሉን እንለይ። በአገራችን «ኦርጋን» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ትንሽ መሣሪያ ነው። እኛ የምንናገረው ግን ከወናፍ በሚመጣ ነፋስ በመቶና በሺህ በሚቈጠሩ ቧንቧዎች ስለሚሰማው ትልቅ መሣሪያ ነው። ስሙ የመጣው «ኦርጋኖን» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም መሣሪያ ማለት ነው። ግእዝም ይህንኑ ቃል ወስዶ «አርጋኖነ ውዳሴ» በሚባለው የጸሎት መጽሐፍ ስም ውስጥ ይዞታል። መሣሪያ ከሆነ ዘንድ መመዘን ያለበት በሚፈጽመው ሥራ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መምህራን ኦርጋንን የተቃወሙት ሙዚቃን ባለማወቅ አልነበረም። ዝዊንግሊ ራሱ ብዙ ዓይነት መሣሪያ የሚጫወት ሰው ነበር፤ ቢሆንም በዙሪክ ግሮስሙንስተር በሚባለው ቤተ ክርስቲያን የነበረው ኦርጋን በ1527 ፈረሰ። ካልቪን በጄኔቫ ዝማሬን አልከለከለም፤ ይልቁንም በግጥም የተተረጐመው መዝሙረ ዳዊት በ1562 በተፈጸመ ጊዜ 150ውን መዝሙር ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው፥ ያለ መሣሪያ፥ በአንድ ዜማ ይዘምረው ጀመር። የካልቪን ምክንያት፥ በመሣሪያ ማመስገን ለብሉይ ኪዳን ዘመን የተሰጠ ጥላ ነበር፤ አሁን ግን የሚዘምር ሰው የሚዘምረውን ቃል ማስተዋል አለበት የሚል ነው። እንግዲህ የተጠየቀው ኦርጋን ያምራል ወይስ አያምርም የሚል ሳይሆን፥ በቤተ ክርስቲያን የሚዘምረው ማን ነው የሚል ነበር።

በሆላንድ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። በ1574 በዶርድሬክት የተሰበሰበው ሲኖዶስ ኦርጋን ከቤተ ክርስቲያን እንዲወገድ አሳብ ቈረጠ፤ ከስብከት በኋላ መጫወቱም ሕዝቡ የሰማውን ቃል ያስረሳዋል አለ። ይሁን እንጂ ኦርጋኖቹ በከተማ ሹማምንት እጅ ስለ ነበሩ ብዙዎቹ አልፈረሱም። ታላቁ ስዌሊንክ (1562–1621) በአምስተርዳም አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ደመወዝ እየተቀበለ ከጸሎት በፊትና በኋላ ይጫወት ነበር፤ ምእመናኑ ሲዘምሩ ግን ኦርጋኑ ዝም ይል ነበር። በአንድ ጣራ ሥር ግሩም ሙዚቃና በዜማ መሪ ብቻ የሚመራ የሕዝብ ዝማሬ ሳይገናኙ ኖሩ።

ይህን መለያየት ከነቀፉት አንዱ ባለቅኔው ኮንስታንቲን ሃይገንስ ነው። በ1641 በላይደን በታተመው፥ በኦርጋን ስለ መጠቀምና አለመጠቀም በሚናገረው መጽሐፉ፥ ኦርጋን ለመንገደኛ ጆሮ መዝናኛ ከሚሆን ይልቅ የተዘበራረቀውን የሕዝብ ዝማሬ ያቅና ሲል ተከራከረ። ከዚያ ወዲህ የኦርጋን አጃቢነት በሆላንድ እየተስፋፋ ሄደ።

እኛም ይህን አሳብ እንቀበለዋለን፤ ዳሩ ግን ኋላ የሆነውን ስናይ ግማሽ መንገድ ብቻ እንደሚያደርሰን እንረዳለን። መሪው ከሚመራው እጅግ የበረታ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? ክርስቲያን ሙለር በ1738 በሃርለም የፈጸመው ኦርጋን፥ ሞዛርት በ1766 ገና ልጅ ሳለ የተጫወተበት፥ 5000 ያህል ቧንቧዎች አሉት። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሙሉ ኃይሉ ቢለቀቅበት የጥቂት መቶ ሰዎች ድምፅ ይዋጣል። ያን ጊዜ ሕዝቡ አፉን ቢከፍትም ራሱን አይሰማም።

የዛሬዎቹ የኦርጋን ጠበቆች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የቅርስን ነገር ነው። በእርግጥም ዩኔስኮ በ2017 የጀርመንን የኦርጋን ሥራና ሙዚቃ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል። ይህ ኦርጋንን ከጥፋት ለማዳን በቂ ምክንያት ነው፤ በእሑድ አምልኮ ለመጠቀም ግን በቂ አይደለም። ዕድሜው ብቻ የሚያስከብረው ኦርጋን በ1574ቱ ሲኖዶስ ፊት መልስ የለውም።

የባንድ ደጋፊዎችም ወጣቱ በሚያውቀው ዜማ ይዘምር ይላሉ። ይህ ማስተዋልን ለጠየቀው ለካልቪን አሳብ ቅርብ ስለ ሆነ በንቀት ልናልፈው አይገባም። ደግሞም ኦርጋን ማደስ ብዙ ገንዘብ፥ መጫወትም የብዙ ዓመት ትምህርት ይጠይቃል። ነገር ግን ጥቂት ሰዎች ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው በድምፅ ማጉያ ሲዘምሩ ሕዝቡ ተመልካች ወደ መሆን ያዘነብላል። የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ጊዜ ያለ መሣሪያ መዝሙረ ዳዊትን ብቻ ስትዘምር ኖራ በ2010 ሌሎች መዝሙሮችንና መሣሪያን ፈቅዳለች። መፍቀዱ ግን ጥያቄውን አይዘጋውም፤ የሕዝቡን ድምፅ መጠበቅ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

በእኛ አስተያየት ኦርጋንም ሆነ ባንድ በሦስት ነገር ይመርመር። አንደኛ፥ በዝማሬው መካከል የቆመ ሰው የጎረቤቱን ድምፅ ይሰማልን? ሁለተኛ፥ ተጫዋቹ የመዝሙሩን ቃል አንብቦ የኀዘኑን ስንኝ እንደ ኀዘን፥ የምስጋናውንም እንደ ምስጋና ያጅባልን? ሦስተኛ፥ አንዳንዱን ስንኝ ሕዝቡ ብቻውን እንዲዘምረው ዝም ማለት ይችላልን?

በዚህ ምርመራ ጥሩ ኦርጋን ብልጫ እንዳለው አንክድም። ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ ከነፋስ የሚወጣ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ብዙ ሕዝብ ሊመራበት ይችላል፤ ተጫዋቹም በሰገነት ላይ ስለሚቀመጥ ብዙ ጊዜ ከዓይን የተሰወረ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ብልጫ የሚታወቀው ሕዝቡ ሲዘምር ነው። ኦርጋኑ ተጠብቆ ሕዝቡ ዝም ያለበት ቤተ ክርስቲያን ክርክሩን አሸንፌአለሁ ሊል አይችልም። ከዚህ የተለየ አሳብ ያላቸው መምህራንና ጓደኞች መልሳቸውን በዚሁ መጽሔት ቢያቀርቡ በደስታ እናነበዋለን።