የሆስፒታል ወለል ንዝረት፡ በአንድ የምህንድስና መመሪያ ላይ የቀረበ ሒስ

በሰሜን አሜሪካ የብረት መዋቅር ባላቸው ሕንፃዎች ውስጥ በሰው እንቅስቃሴ የሚነሣውን የወለል ንዝረት ለመቆጣጠር መሐንዲሶች የሚመሩበት ዋነኛ ሰነድ የአሜሪካ የብረት ግንባታ ተቋም «የንድፍ መመሪያ 11» ነው። በቶማስ መሪ፣ በዴቪድ አለንና በኤሪክ ኡንጋር የተዘጋጀው የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። ብራድ ዴቪስ የተጨመሩበት ሁለተኛው እትም በ2016 ታተመ። መመሪያው ለመሐንዲስ ይጻፍ እንጂ ውጤቱ የሚያርፈው በቀዶ ሐኪሙ እጅ ላይ ነውና ከሕክምና ወገንም ሊመረመር ይገባዋል።

የመመሪያው ትልቁ አስተዋጽኦ ጥንካሬንና ንዝረትን ለይቶ ማሳየቱ ነው። አንድ ወለል ጭነቱን ያለ ሥጋት እየተሸከመ በእግር ኮቴ ብቻ ሊርገበገብ ይችላል። የእርምጃው ድግግሞሽ ወይም ብዜቱ ከወለሉ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ሬዞናንስ ይከሰታል። መፍትሔውም በአመዛኙ የታወቀ ነው፤ በቋሚዎች መካከል ያለውን ርቀት ማሳጠር፣ የአግዳሚዎቹን ግትርነት መጨመር፣ ሶሌታውን ማወፈር፣ ሰው የሚበዛበትን ኮሪደር ንዝረት ከሚጎዳው ክፍል ማራቅ።

ደካማ ጎኑ በእርምጃ ፍጥነት ላይ ይታያል። የ1997ቱ እትም በደቂቃ 100 እርምጃን «ፈጣን»፣ 75ን «መካከለኛ»፣ 50ን «ዝግተኛ» ብሎ ነበር። ለጤና ባለሙያ ግን በደቂቃ 100 እርምጃ የመካከለኛ አካላዊ እንቅስቃሴ መነሻ ነው። ልቡ የቆመ ሕመምተኛ ዘንድ የሚሮጥ ቡድንማ ከዚህ እጅግ ይፈጥናል። ሁለተኛው እትም ፈጣኑን ወደ 125 ከፍ በማድረግ ጉድለቱን በከፊል አርሟል፤ ያም ቢሆን የሚለካው እርምጃ እንጂ ሩጫ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የክፍል ስያሜ ነው። የመጀመሪያው እትም ለመደበኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል በሰከንድ 200 ማይክሮሜትር የንዝረት ፍጥነት ሲፈቅድ፣ ለዓይን፣ ለነርቭና በማይክሮስኮፕ ለሚከናወን ቀዶ ሕክምና የፈቀደው 25 ብቻ ነበር። ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ነው። በአሜሪካ የጤና ተቋማት ግንባታ መመሪያ የ2010 እትም ደግሞ ለቀዶ ሕክምና ክፍሎች በጥቅሉ 100 ገደማ ተቀመጠ። ይህም ለማይክሮስኮፕ ሥራ ከተጠየቀው አራት እጥፍ ይበልጣል። መሐንዲሱ የሚያሰላው በተነገረው ስያሜ ነው። ሕንፃው ግን ለአሥርተ ዓመታት ይቆማል፤ ዛሬ ሄርኒያ የሚጠገንበት ክፍል ነገ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሊወጣበት ይችላል። ማይክሮስኮፑ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ከሆነም የሚያናውጠው ከበላይ ባለው ፎቅ የሚረገጠው ኮቴ ነው።

ከግንባታ በኋላ መሣሪያውን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ወይም አግዳሚ ማጠናከር ይቻላል። ሁለቱም ግን ወጪ ይጠይቃሉ፤ ሥራም ያስተጓጉላሉ። እንግዲህ የስሌቱ ትክክለኛነት የሚወሰነው ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። በየክፍሉ ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደሚሠራ፣ ወደፊት ምን እንደታሰበ፣ በላዩና በአጠገቡ ማን እንደሚመላለስ መመሪያው ሊያውቅ አይችልም። ይህን የሚያውቀው የጤና ባለሙያው ነውና በንድፉ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ሊኖረው ይገባል።